ለጋሼ የሰካሁለት ቫይታሚን

ነርስ ነኝ። አዋሽ ሰባት፣ ከዋናው መንገድ ብዙም በማትርቅ ትንሽ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ሹፌሮቹ «ቁጡዋ ሲስተር» ይሉኛል። ክፉ አይደለሁም እንጂ ቁጡስ ነኝ፣ አልክድም። መርፌ ሊወጋ መጥቶ ዓይኑን የሚጨፍን ወጠምሻ ሳይ፣ «ሰውዬ፣ ተሳቢ እየጎተትክ ከጅቡቲ ድረስ መጥተህ ይቺን ፈራህ?» እለዋለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ክንዱ ይላላል፤ ያኔ እወጋዋለሁ። ሥራዬን አውቃለሁ ለማለት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ወደ በኋላ ያለውን ስትሰሙ «ጀማሪ ነበረች» ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው። ጀማሪ አልነበርኩም።

የእኛ ክሊኒክ ዋና ገበያ ወባ ይመስላችኋል። አይደለም፣ ድካም ነው። ከወደቡ ጭነው የሚመለሱ ሹፌሮች ያን ሁሉ ንዳድ አቋርጠው አዋሽ ሲደርሱ መኪናቸውን ዳር ያስይዙና እየተጎተቱ ይገባሉ። «ሲስተር፣ እስቲ አንድ ግሉኮስ ሰክተሽ አስነሺኝ» ነው የሚሉት፣ ልክ ነዳጅ እንደሚቀዳ ሰው። ቫይታሚን ተጨምሮበት ፈሳሹ ቢጫ ካልሆነ ደግሞ አይዋጥላቸውም። አንዱማ ከረጢቱን ቀና ብሎ አይቶ፣ «ውሃ ነው እንዴ የሰካሽብኝ?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ውሃ ጠጡ፣ ተኙ፣ ያ ይበቃችኋል ብል ማን ይሰማኛል። አንድ ሰዓት ከጥላ ሥር ተጋድመው ስለሚነሱ ነው የሚሻላቸው እላለሁ እኔ። እነሱ ግን ምስጋናውን የሚሰጡት ለቢጫው ነው።

ጋሼም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን ወሎ ላይ ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር፤ እሱ ጅቡቲ መስመር ገብቶ ነው ያሳደገኝ። ሚስት ሲያገባ ኑሮውን ሰመራ አደረገ፤ የነርስነት ትምህርቴንም የተማርኩት እሱ ቤት እየበላሁና እየተኛሁ ነው። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ፤ ለሹፌሮች ሻይና ቁርስ የሚሸጥ ቤት አላት። ስመረቅ ጋሼ መኪናውን ከነጭነቱ አቁሞ መጥቶ፣ ከሁሉም ወላጅ በላይ አጨብጭቦ፣ «ከእንግዲህ ብታመም ሐኪሜ እቤቴ አለች» ብሎ ለሰው ሁሉ አወራ። አፈርኩ ያኔ። ደስም አለኝ።

ስኳር በሽታው የቆየ ነው፤ ኢንሱሊኑን ጋቢናው ውስጥ በበረዶ ኮዳ ይዞ ነበር የሚነዳው። ባለፈው ሁለት ዓመት ግን ሱሪው ይወልቅበት ጀመር። ከሆዱ ወደ ጀርባው የሚዘልቅ ሕመም ያዘው። አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው፤ የቆሽት ካንሰር ነው፣ ጉበቱንም ነክቷል፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም አሉን። ኬሞውን አንድ ዙር ወሰደና አቃተው። «እዚያ ጣሪያ እያየሁ ከምሞት መንገዴን እያየሁ ልሙት» ብሎ ሰመራ ተመለሰ።

ቫይታሚን ሲውን ያመጣብን አንድ የሥራ ባልደረባው ነው። ጅቡቲ ውስጥ አንዲት ካንሰር የያዛት ሴት በደም ሥሯ በብዛት እየተሰጣት ተነስታ ሄደች ብሎ፣ አምፑሉን በካርቶን አሸክሞ ከች አለ። ደሜ ፈላ። «ጉንፋን ሲይዛችሁ የምትጠጡት ብርቱካን ካንሰር ያድናል ልትለኝ ነው?» አልኩት። ጋሼ ግን ካርቶኑን አልጋው ሥር አስገባ። እትዬም በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችለት።

ስለዚህ ሰመራ ላይ የሚከታተለው ወጣት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ አልሳቀብንም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ወንበሩን ወደ ጋሼ ጠጋ አድርጎ አስረዳው። በአፍ ሲወሰድ አንጀት ከልክ በላይ አያስገባውም፣ የተረፈው ይወጣል፤ በደም ሥር ሲሰጥ ግን ደም ውስጥ የሚኖረው መጠን እጅግ ከፍ ይላል፤ ለዚህ ነው ለካንሰር ይረዳ እንደሆነ የሚመራመሩበት አለ። አንዳንድ ታማሚዎች ድካሙ ቀለል አለን፣ ምግብ ተስማማን ይላሉ። ያድናል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ኩላሊቱ ደካማ የሆነ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል። በትውልድ የሚመጣ የደም ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል፤ የዚያን ምርመራ እዚህ አንሠራም አለው። «እኔ አላዝም» ብሎ ጨረሰ።

ጋሼ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማው «ምግብ ተስማማን ይላሉ» የምትለዋን ብቻ ነው። እደጅ እንደወጣን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና፣ «አንቺ እኮ ለማንም መንገደኛ ስትሰኪ ትውያለሽ። ለኔ ሲሆን ነው የምትሳሺው?» አለኝ። አንጀቴን በላው። የኩላሊት ምርመራው ደህና ነበር፤ ያኛውን፣ የማይሠራውን ምርመራ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ከነካርቶኑ አዋሽ ይዤው መጣሁ። እትዬም ሻይ ቤቷን ለእህቷ ትታ አብራ መጣች፤ ሁለቱም የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከኔ ጋር ሰነበቱ።

በሳምንት ሁለት ቀን ከቀትር በፊት ክሊኒክ ይመጣል፤ በመስኮቱ በኩል ካለችው አልጋ ላይ ይጋደማል፤ መጀመሪያ ጣቱን ወግቼ ስኳሩን እለካለሁ፣ ከዚያ እሰካለታለሁ። ከትንሽ ነበር የጀመርኩት፣ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግሁት። ወላሂ ተሻለው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ዳቦ በሻይ ጨርሶ ደገመ። አጠገቡ የተኛውን ሹፌር፣ «ያንተ ቢጫ የልጅ ነው፤ የኔን የሚችለው ወንድ ነው» እያለ ያሾፍበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንገድ ዳር ወንበር አስወጥቶ የሚያልፈውን ተሳቢ ሁሉ ስም እየጠራ ይቆጥራል። ቫይታሚኑ ይሁን፣ ከሚስቱና ከእህቱ መሀል መዋሉ ይሁን፣ አላውቅም። ያኔም አላወቅሁም። ማወቅም አልፈለግሁም፤ ሲበላ እያየሁ ምን ልፈልግ።

ያን ቀን ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣው ነበር። ደም ሥሩ እምቢ አለኝ። ግራውን ሞከርኩ፣ ቀኙን ሞከርኩ፤ በመጨረሻ እጁ ጀርባ ላይ አንዲት ቀጭን አገኘሁ። ያገኘኋትን ደም ሥር ሳላጣት ልጠቀምባት ብዬ ቶሎ ሰካሁና ፈሳሹን ለቀቅሁት። ጣቱን መውጋቱን ለኋላ አቆየሁት። መጠኑንም ከወትሮው ጨምሬ ነበር፤ «ዛሬ ጠንከር አድርጊልኝ» ብሎኝ።

አልቆ ስነቅል ነው ስኳሩን የለካሁት። መለኪያዋ ቁጥር አላሳየችኝም፤ ከመጠን በላይ ነው የሚለውን ምልክት አወጣች። ክው አልኩ። ሌላ ጣት ወጋሁ፤ ያው ነው። «ውሃ ጠምቶሃል?» አልኩት። «በዚህ ሙቀት ያልጠማው ማን አለ?» አለኝ። ይበቃኛል አልኩ፤ ስኳሩ እንዲህ ካሻቀበ መጠማቱ ያለ ነገር ነው። ኢንሱሊን ወጋሁት።

ሰዓት አልሞላም። ላቡ አንሶላውን አበሰበሰው። ስሙን ስጠራው በአፋርኛ መለሰልኝ፤ አፋርኛ የሚናገረው መንገድ ላይ ከመኪናው ወርዶ ከአገሬው ጋር ሲያወራ ብቻ ነበር። ከዚያ ጥርሱ ገጠመ፣ እጁና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እትዬ እግሩን ይዛ «ያረቢ፣ ያረቢ» ትላለች። ለካሁት፤ መለኪያዋ አሁንም ከመጠን በላይ ትላለች። እመኑኝ፣ ሁለተኛውን ኢንሱሊን እየቀዳሁ ነበር።

ክሊኒካችን ውስጥ አንድ አዛውንት ጤና መኮንን አሉ፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚላቸው። ከሌላው ክፍል ጩኸቱን ሰምተው ገቡ። አንዴ ግንባሩን በመዳፋቸው ዳሰሱትና መርፌውን ከእጄ ነጠቁኝ። «ማሽኑን ተዪውና ሰውየውን እዪ» አሉኝ። ጥቂት ደም ቀድተው ወደ ላብራቶሪ አስያዙ፤ ውጤት ሳይጠብቁ ስኳሩን በደም ሥሩ ገፉት። ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ጣሪያውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። ከላብራቶሪ የመጣው ወረቀት ስኳሩ ሰው ከሚኖርበት ልክ በታች ወርዶ ነበር ይላል።

ከሰዓት በኋላ አዛውንቱ ቢሯቸው ጠሩኝ። ከመለኪያዋ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፋ የምትመጣዋን፣ ስንት ዓመት ሳላነብ ስጥላት የኖርኩትን ቀጭን ወረቀት መነጽራቸውን አድርገው እያነበቡ ነበር። ብዙ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር የተሰጠው ሰው ላይ ይቺ ዓይነቷ መለኪያ ትሳሳታለች፣ ቫይታሚኑን እንደ ስኳር ቆጥራ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ ተጽፏል፣ በደቃቅ ፊደል። ሁልጊዜ ከመሰካቴ በፊት ስለምለካ ነው እስከዚያ ቀን የተረፍነው። «ሰው ነን፤ ይሆናል» አሉኝ። «ግን ለሰውየው ንገሪው። ሀቁ ነው።» እሺ አልኳቸው።

ወደ ክፍሉ ስገባ እትዬ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰችለት ነበር። ቀና ብላ፣ «ወደ ጭንቅላቱ ወጣ፣ አይደል?» አለችኝ። በሽታውን ማለቷ ነው። ጋሼ ከሷ እጅ ሥር ሆኖ መልሴን ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ። «ዕረፍ ጋሼ» አልኩና የከረጢቱን ማንጠልጠያ ማስተካከል ጀመርኩ።

ለምን ዝም አልሽ ብትሉኝ፣ ሥራዬን ፈርቼ ነው ብል ቀላል ነበር። ሥራዬን አይደለም የፈራሁት። ያ ሰው ከእጄ ምንም ነገር ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ክኒን ብሰጠው ስሙን እንኳ አይጠይቀኝም። ያ ዓይኑ ሲለወጥ ማየት አልቻልኩም። አሁን ስናገረው ትንሽ ነገር ይመስላል።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቶ ልብሱን ለባብሶ ጠበቀኝ። «ሰመራ ውሰዱኝ» አለ። «ጭንቅላት ከነካ አለቀ። አእምሮዬ ሳይሄድ ልጆቼን ልያቸው፤ ከሰውም ልታረቅ።» አንድ የድሮ ጓደኛው ፒክአፕ ይዞ መጣልን። ጋሼን ፊት አስቀመጥነው፣ እኔና እትዬ ከኋላ ተቀመጥን።

መልካ ወረር መታጠፊያ ጋ ስንደርስ አቁም አለ። ስልክ ተደውሎ አንድ ጡረታ የወጣ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ከመኖሪያ ሰፈራቸው መጣ፤ በአንድ ነገር ተኳርፈው ብዙ ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። ጋሼ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ፣ «አፉ በለኝ፣ ልሞት ነው» አለው፤ መንገድ ልሄድ ነው እንደሚል ሰው፣ እንዲያው በቀላሉ። ሰውየው ራሱን መኪናው በር ላይ ደግፎ አለቀሰ። ገዋኔ ስንደርስ ደግሞ አንድ የአፋር ሽማግሌ አስጠራ። ከዓመታት በፊት የሽማግሌውን ፍየል ገጭቶ ሳይቆም ማለፉን ለኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። መሬቱ ረመጥ ሆኖ ሳለ ከመኪናው ደግፉኝ ብሎ ወርዶ ነገራቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉለት። ወደ መኪናው ሲመለስ፣ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ፤ ከዚያም በኋላ በየከተማው መግቢያ ይላታል። ከአንዱ ከተማ ወደሌላው ሲሄድ እየቀለለው፣ ፊቱ እየፈታ ነበር። ከሰመራም አልፎ፣ ከሰርዶ ማዶ፣ አንድ ቅያሜ ነበረው፤ እሱን በስልክ ጨረሰው።

እኔ ከኋላው የአንገቱን አጥንት እያየሁ ተቀምጫለሁ። ይህ ሁሉ ስንብት በኔ መርፌ የመጣ ነው። ጭንቅላቱ ምንም አልሆነም። የሰመራው ሐኪም ወራት ሊቆይ ይችላል ብሎን ነበር። ሚሌ ላይ የተገዛልኝን ውሃ ሳልከፍት ይዤው ቀረሁ። እትዬ እጄን ያዘችኝና፣ «አይዞሽ፣ አንቺ የምትችይውን አድርገሻል» አለችኝ። ያ ቃሏ ዛሬም ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ድንገት ይመጣብኛል፤ ያኔ የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

ሰመራ ደርሶ ታጠበ፣ ነጭ ጀለቢያ ለበሰ፣ ተኛ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ መከራቸው። ጎረቤት ይመጣል፣ ሹፌር ይመጣል፤ ያዋራቸዋል፣ ያስቃቸዋል። ምግብ ግን አልነካም አለ፤ «ለጥቂት ቀን ምን ያደርግልኛል» ይላል። ሌሊቱን እንደ ሕፃን ይተኛል። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። ከአራት ቀን በላይ ማየት አልቻልኩም። ሰው በተሳሳተ ነገር እየሞተ ነው፤ ብነግረው ይበላል፣ ብነግረው ወር ያገኛል፤ እያልኩ ለራሴ እደጋግማለሁ። ውሸት አልነበረም። ግን ከሱ ይልቅ ለኔ መቅለሉንም አውቀው ነበር መሰለኝ።

አምስተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ብቻችንን ሆንን። አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ አፉ በለኝ።»

«ደግሞ አንቺ ምን አደረግሽኝ፣ የኔ ልጅ?»

ሁሉንም ነገርኩት። መለኪያዋን፣ ኢንሱሊኑን፣ ወረቀቷን፣ እትዬ ስትጠይቀኝ ዝም ማለቴን። ሳልጨርስ «አፉ ብዬሻለሁ» አለኝ፣ እንደ ቀላል። ያ የፈራሁት ዓይን አልመጣም። እፎይ አልኩ፤ እንባዬም መጣ። እሱ ግን አያየኝም፤ ወደ ግድግዳው እያየ ያስባል።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ታዲያ ጭንቅላቴ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ቫይታሚኑም አልከዳኝም፤ መለኪያዋ ናት የዋሸችው።»

«ጋሼ፣ ካንሰሩ እኮ...»

«ካንሰሩንማ አውቃለሁ። እየተሻለኝ አልነበር? ዳቦ አልደገምኩም? አይተሽ የለ?» በክርኑ ተደግፎ ተነሳ። «እሷን ጥሪልኝ። ሾርባ ትሥራልኝ።»

ያን ቀን ቤቱ በዓል መሰለ። እትዬ ሾርባውን በእጇ አጠጣችው፤ ምን እንደነገርኩት አልጠየቀችኝም፣ መብላቱ በቃት። እኔም፣ ደግ አደረግሁ፣ አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ እንዲያ አልኩ።

ከዚያ እንቅልፉ ጠፋ። ያ በየከተማው ሲስቅ የመጣ ሰው ይፈራ ጀመር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ፣ «ተሳስቼ ነው የተሰናበትኳችሁ፤ ገና ነኝ» ይለዋል፤ ሰው ኢንሻአላህ ብሎ ይወጣል። ገዋኔ አስደውሎ ለሽማግሌው አልሞትኩም አስባለ። ጠዋት ጠዋት እጁን ይዘረጋልኛል። «ዛሬ ትሰኪልኛለሽ?» ካርቶኑን ከአዋሽ አስመጥቶ ራስጌው አድርጎታል። ወጣቱ ሐኪም እኛ ዘንድ ድረስ መጥቶ አይቶት ነበር፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ቀንሷል፣ ኩላሊቱ እየደከመ ነው፣ አሁን ቫይታሚኑን ብትሰኪለት ትጎጂዋለሽ አለኝ። ይህን ለጋሼ መንገር አቃተኝ። «ነገ፣ ኢንሻአላህ» እለዋለሁ። በማግስቱም «ነገ» እለዋለሁ። እጁን መልሶ ከአንሶላው ሥር ያስገባል፣ ቅር እንዳለው ልጅ። አንድ ቀን፣ «ነዳጅ ሳይኖረኝ ነው እኮ የምታስቀምጪኝ» አለኝ። ወደ ጓሮ ወጥቼ ባዶ ጀሪካኖቹ መሀል ቆምኩ።

አፉ ያለኝ ሰው ነው፤ ቂም አልያዘብኝም። ግን የታረቀውን ነገር አፍርሼበታለሁ። ሞትን ከአዋሽ እስከ ሰመራ ድረስ አፉታ እየለመነ፣ እየታረቀ፣ እንደ ጭነት አስተካክሎ አስሮት ነበር። እኔ ሄጄ ፈታሁበት። ደግሞም ሌላ ነገር አልሰጠሁትም።

እውነቱን ከነገርኩት በዘጠነኛው ቀን ነው፣ የአስር ሶላት ሊደርስ ሲል። ትንፋሹ ተቆራረጠ። ቤቱ በሰው ሞላ፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ሸኽ ራስጌው ተቀምጠው ከቁርኣን ያሲንን ቀሩለት። ሲጨርሱ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው፣ «በል ላ ኢላሃ ኢለላህ በል» አሉት፤ በቀስታ፣ እንደሚገባው። ጋሼ ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። ደገሙለት። ዓይኑን ገለጠና፣ «ገና ነኝ እኮ ሸኹ» አለ። ድምፁ ሰልሏል፣ ግን ሁሉም ሰማ። ከአንሶላው ሥር ጣቱን አውጥቶ ወደኔ ቀሰረ። «እሷን ጠይቋት። እሷ ታውቃለች።»

ሸኹ ዞረው አዩኝ። እትዬ አየችኝ። ልጆቹ፣ ሹፌሮቹ፣ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች፣ ሁሉም ዞሩ። ከአልጋው ሥር ተንበረከክሁና እጁን ያዝኩት፤ ያ ለመርፌ ሲዘረጋልኝ የሰነበተው እጁ ቀዝቅዞ ነበር።

«በል ጋሼ» አልኩት። «በል በቃ።»

ሲገባው አየሁት። ያ አዋሽ ላይ ልሸሸው ስል የኖርኩት ዓይን ያኔ መጣ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። እኔን እያየ ሸሃዳውን አለ፤ አንዱንም ቃል ሳይስት፤ ጨርሶም ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም፤ እስኪከድኑለት ድረስ።